የማቲያስ ሰባት ቤት

ሄራንን ለማቲያስ እንድንጠይቅ በሽምግልና የተላክነው እኔ፣ ዳኛቸውና ለይኩን ነን። አባቷ ኅሩይ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አለው፤ ሰኞ ዝግ ስለሆነ እዚያው ተቀበለን። ሄራን «አባዬ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራናለች።

ደንቡ ሙሽራው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ነው። የኛ ጀርመናዊ ሙሽራ ግን ላፕቶፑን አቅፎ ተከትሎን ገባ። «ስለ ዘሬ የሚጠየቅ ከሆነ እኔው ላስረዳ» አለ በእንግሊዝኛ። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሸመግል እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።

ኅሩይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘር ከልጓም ይስባል። በአባትህም በእናትህም ሰባት ቤት ቁጠርልኝ፤ ኦኬ?»

ማንን እንደጠየቀ አላወቀም! ማቲያስ አርኪዮሎጂስት ነው፤ የሚቆፍረውም የገዛ ትውልድ መንደሩን። ሰማንያ ቤት የማትሞላ፣ ከላም ጭራ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለባት የገጠር መንደር ናት። ሰባቱን ጨርሶም አላቆመ። አሥር አለ፣ አሥራ አምስት አለ። መንደሯ በጦርነት ከተቃጠለችበት ዘመን ሲደርስ የከሰለውን አፈር በፎቶ አሳየን። ቀጥሎ የሸክላ ስባሪ፣ ቀጥሎ የጎጆ ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ አመጣ። በመጨረሻ አንድ የራስ ቅል ስክሪኑን ሞላው።

«ይቺስ ማን ናት?» አለች የኅሩይ ሚስት ፀሐይነሽ፣ እያማተበች።

«ምናልባት አያቴ ትሆናለች። ሺህ ዓመት ሆኗታል።»

«ውይ፣ ጥርሷ ሲያምር!» አለች፤ እሷስ ልቧ ራርቶለታል።

ኅሩይ ግን በጣቱ ሲቆጥር ነበር። «ዌይት፣ ወደ ኋላ መልሰው። አምስተኛው ላይ በአባትህም በእናትህም በኩል ያለው ስም አንድ ነው።»

«ሰውየውም አንድ ነው» አለ ማቲያስ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «መንደሯ ትንሽ ናት። ሦስት መቶ ዓመት እርስ በርሳችን ነው የተጋባነው።»

ኅሩይ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዘመድ ከዘመድ! ሰባት ቤት ሳይሞላ!»

ለይኩን ኮፍያውን አነሳ። እኔም አበቃልን አልኩ፤ ለሄራን ምን ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ።

«ጋሼ» አለ ማቲያስ፤ ይቺን እንኳ ሄራን አስተምራዋለች። «ለዚህ እኮ ነው ርቄ የመጣሁት።»

ዳኛቸው ሳቁ አመለጠው። ፀሐይነሽም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ኅሩይ ብቻ አልሳቀም።

«አሁን የእርስዎን ይንገሩኝ» አለው ማቲያስ፣ ጣቶቹን ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅቶ። «ምናልባት ብንዛመድስ?»

«እኔን ነው?» ኅሩይ ደረቱን ነፋ። «አባቴ ሞገስ። አያቴ እንግዳ። ቅድመ አያቴ ወንድይራድ። የወንድይራድ አባት…»

ስሙ ጠፋው። ወደ ፀሐይነሽ ዞረ፤ እሷ ጣሪያውን አየች። ኅሩይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው። በሆዴ የራሴን ስቆጥር እኔም እዚያው ጋ ቆሜያለሁ።

«አባቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም» አለ።

ከዚያ ማቲያስን ትክ ብሎ አየው።

«ስማ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ጥሎሽ ግን ወርቅ አልፈልግም። የጎደሉኝን አራት አባቶች ቆፍረህ ታመጣልኛለህ።»