የሀብቴ ፒፓ

«ማሚ፣ ሱቁ ውስጥ ነኝ! የአባዬ ዓይነት የበቆሎዋ ፒፓ አለች፣ ግን በጣም ርካሽ ናት። ሶ፣ የእንጨቱን ልግዛ? ለአባዬ እኮ ነው!»

የፀደንያ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ለእናቷ የዘረጋችላት ጎረቤታቸው ኪዳነምሕረት ናት። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ውባለም ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በሹክሹክታ የላከቻት ልጅ! ምን ታድርግ፣ ዳላስ ያደገ ልጅ የአማርኛ ሹክሹክታ አይገባውም። ለአባቷ ማስታወሻ መስሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሀብቴ በተቀበረ ማግስት ኪዳነምሕረት ቤት ላጽዳ ብላ ተነሳች። በረንዳው ላይ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ አገኘችና «ይኼ ርኩስ!» ብላ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ሀብቴ ማጨስ ሆነ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እሱን የበላው ትንባሆው ነው» ይባባላሉ ሴቶቹ፣ ከቴርሞስ ሻይ እየቀዱ። ውባለም ሁሉንም ሰምታለች። ግን ሀብቴ በዕድሜው አንዲት ጊዜ እንኳ አጭሶ አያውቅም!

ሀብቴ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጥተው የትንባሆ ሽታ አፍንጫቸውን መታቸው። «በዚህ ቤት ትንባሆ የሚያጨሰው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሀብቴ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለና «እኔ ነኝ አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለ። የስግደት ቀኖና ተሰጠው። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ሲነሳና ሲወድቅ አይታ ውባለም ስታለቅስ ጊዜ ሳቀባት።

«አንቺ አጭሺ፣ እኔ እሰግዳለሁ። ቤት እንዲህ ነው የሚቆመው።»

«ማሚ? ሄሎ?» አለ ስልኩ።

«የእንጨቱ ይቅር» አለች ውባለም። «ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞ እስኪሟሽ ምላስ ይልጣል። ቆረቆንዳው ከመጀመሪያው ቀን ይጣፍጣል። ውስጡን እዪልኝ፣ ቀዳዳው ወደ ሥሩ ወረድ ያለውን ምረጪ። ላይ ከሆነ ትንባሆው ሥሩ ሳይነድ ይቀራል።»



«ውቤ፣ አንቺ ይኼን ሁሉ በምን አወቅሽ?» አለች ኪዳነምሕረት።

ሀብቴ ሲያወራ ሰምቼ ልትል ነበር። ማን ይመሰክርባታል? እሱም ቢሆን አንዴ ከተሸከመላት አውርጂልኝ የሚል ሰው አልነበረም። ግን ሆዷ እምቢ አላት።

«በመሳብ ነዋ!» አለች። «ፒፓው የእኔ ነው። ከእናቴ የትንባሆ ጋያ ነው የለመድኩት። ሀብቴ አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። እኔን ሊሸፍን ብሎ ነው ስሙን ያጠፋው። ከእንግዲህ ማማት የፈለገ እኔን ይማ!»

«በስመአብ!» አለ አንዱ። ከዚያ ውባለምን ከቀብሩ ወዲህ አልወጣ ብሏት የነበረው ለቅሶ ገንፍሎ ወጣ። «ወይ ሀብቴ! ወይ ሰው!» ብለው ሴቶቹም ተከተሏት፤ አሁን የሚያለቅሱት ለራሱ ለሀብቴ ነበር።

ለቅሶው በረድ ሲል ስልኩ እንደገና ተናገረ። «ኦኬ… ሶ፣ የተጣመመችውን ነው ቀጥ ያለችውን?»

«የተጣመመችውን የኔ ልጅ» አለች ውባለም አፍንጫዋን እየጠረገች፤ «ጢሱ ዓይን አይገባም።»

አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። ውባለምም ፈገግ አለች።

ፀደንያ ፒፓውን ይዛ ስትመጣ ውባለም ተቀብላት በረንዳ ወጣች። የቴክሳስ ነፋስ ክብሪቱን ደጋግሞ አጠፋባት። ኪዳነምሕረት ከሳሎን ስታያት ቆየችና ተነስታ ወጣች። ሀብቴ ሁልጊዜ ነፋሱን ሊከልልላት ይቆምበት በነበረው በኩል ቆማ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ጫሪ በይ» አለቻት።