ሙሽራ መፍቻ አይነካም

ደግሞ ሾለከ፣ ጆሮው አይዋሽም፣ መፍቻው ከጎማው ዳዶ ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ነው የወደቀው፣ ይሄ እንግዲህ አራተኛው መሆኑ ነው፣ አራት ጊዜ ሾለከ ማለት የዳዶው ጠርዝ እየተበላ ነው፣ ጠርዙ ተበላ ማለት ደግሞ፣ አይ፣ ስመኘው እሱን አያስብም፣ ዛሬ ሠርጉ ነው፣ ሙሽራ እንዲህ ያለ ነገር አያስብም፣ ሙሽራ ነጭ ሱፉን ለብሶ እግሩን ገጥሞ ሶፋ ላይ ቁጭ ይላል፣ ደስ ይለዋል። ደስ ብሎታልም። በሕይወቱ እንደ ዛሬ ደስ ብሎት አያውቅም፣ እግሩ ብቻ አልቀመጥ ብሎታል።

በመስኮቱ ግቢው ወለል ብሎ ይታየዋል። ነጯ ዲኤክስ መኪናው፣ አፍንጫዋ ላይ ቀይ ሪባን፣ የፊት ግራ ጎማዋ ድንኳን ተካዮቹ የጣሉት ምስማር ገብቶበት ተንፍሷል፣ ሁለቱ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ተንበርክከውባታል፣ ወንድምአገኝ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፣ ተስፋው የታሪክ መምህር ነው፣ ታሪክ ሊሠሩ ነው እንግዲህ፣ ዳዶውን ሳያላሉ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ተስፋው መፍቻውን ሲጫን ጎማው አብሮ ይዞራል፣ ሲጫን ይዞራል፣ እንደ ሕፃናት መጫወቻ፣ ኧረ የሰው ያለህ፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ነው የሚላላው፣ ስንት ዓመት ጓደኛዬ ሆናችሁ ይቺን እንኳ አልተማራችሁም። አንገቱን በመስኮት ያወጣል። አውርዱት ይላል፣ ክሪኩን አውርዱትና ሞክሩ። ግባ አንተ ይላል ወንድምአገኝ፣ ሙሽራ መፍቻ አይነካም፣ የታል የነካሁት፣ ተናገርኩ እንጂ፣ ሙሽራ ስለ መፍቻም አይናገርም፣ ሚዜ የተያዘው ለምን ይመስልሃል። ይገባል። ይቀመጣል። ሱፉ እንዳይጨማደድ ደግሞ ይነሳል።

አምስት ሰዓት ከሩብ። ማንኩሳ ስድስት ሰዓት እንገባለን ብሎ ቃል የሰጠው ራሱ ነው፣ የሰጠውም ለሙሽራዋ አባት ለመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ የቡሬን አስፋልት ይዞ ጥቂት መንዳት ነው፣ ሩቁስ ሰውየው ናቸው። ቀኑን ሙሉ መኪና ስር ተጋድሞ የሚውል ሰው ቤት ቆሞ ይመራል ወይ ብለው ሽማግሌዎቹን ሁለቴ መልሰዋል፣ በሦስተኛው ሙሽራዋ ሕሊና ራሷ ከጓዳ ወጥታ፣ እንደ ሌላው ልጅ ሳታቀረቅር፣ እኔ አዋላጅ ነኝ አባቴ፣ እኔም ስውል በሰው ደም ነው የምውለው፣ እጅ ይታጠባል አለቻቸው። እንዲህ ያለች ሴት የት ትገኛለች። ሰውየው ቆይተው ቆይተው፣ ቃሉን የሚያከብር ከሆነ ይውሰዳት አሉ። ቃሉን። ስድስት ሰዓት።

መሬት ላይ አወረዱት፣ ጎበዞች፣ አሁን ተስፋው በሙሉ ክብደቱ መፍቻው ላይ ይቆማል፣ ተስፋው ደግሞ ክብደት አያንሰውም፣ ዳዶው ግን ንቅንቅ የለም። ዛገ እንዴ ይላል ወንድምአገኝ። የምን ዝገት፣ ከስምንት ወር በፊት ቡሬ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ዶሮ ሰፍሮባት ያገኛትን መኪና፣ ምሽቱን ሁሉ ለሕሊና ብሎ ከአጥንቷ ጀምሮ እንደ አዲስ የሠራትን፣ የዛገ ነገር ትቶባት ነው። እሱ ያውቃል ምን እንደሆነ። ማንም አያውቅም እሱ ያውቃል፣ ያስቀዋልም፣ ያሳፍረዋልም። ትናንት አመሻሽ ላይ አራቱንም ጎማ አጠበቀ፣ በደንብ አጠበቀ፣ መፍቻውን አስቀመጠ፣ ቤት ሊገባ ሲል ሕሊና ከፊት ወንበር ላይ ቬሏን እንደለበሰች ታየችው፣ ተመለሰ፣ ደገመው፣ እንደገና ሊገባ ሲል እንደገና ታየችው፣ ከጋራዡ የብረት ቱቦ አምጥቶ መፍቻው ላይ ሰካና በሁለት እግሩ ወጣበት፣ ወጥቶም አልቀረ፣ ዘለለበት። አሥራ ሁለት ዓመት በሙያው የቆየ ሰው። ሠራተኛው በደንበኛ መኪና ላይ ቢያደርገው ያባርረው ነበር። ፈርቶ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ እንዲህ የምወዳትን ልጅ ጭኜ ስመጣ ጎማ ቢወልቅብኝስ ብሎ ፈርቶ ነው።

አያ ገነነ ይገባሉ፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ተው እንጅ ልጀ መሸብን፣ በቃ ሁላችንም በአጃቢዎቹ ሚኒባስ እንሂድ፣ ሙሽራዋስ አያ፣ እሷም በሚኒባሱ ትመጣለች፣ ምን ትሆናለች፣ ከበሮው ደግሞ እዚያው ነው። ልክ ናቸው። ሰዓቱን ካሉ ልክ ናቸው። ግን ስምንት ወር፣ እያንዳንዷን ብሎን፣ መቀመጫውን ለሷ ቁመት ብሎ ሁለቴ ያሰፋውን፣ እሷን ከበሮ አቅፋ ከኋላ ወንበር፣ አይሆንም፣ ኮቱን ያወልቃል፣ ያዙልኝ አያ፣ የት ልትሄድ ነው፣ ልፈታው፣ እጅህስ፣ ሦስት ቀን በሎሚና በሳሙና ያሸውን እጅ ያየዋል፣ የራሱም አይመስለውም።

ወጣ። አቤት አየሩ። ልጃገረዶቹ ዘፈናቸውን አቋርጠው ያዩታል፣ ወንድምአገኝ እጁን ዘርግቶ ይቆምበታል፣ ዞር በል ወንድሜ፣ ዛሬ ንጉሥ ነህ ካላችሁኝ ንጉሥ ያዛል፣ ናፍጣ አምጡ፣ መዶሻ፣ ያን ቱቦ። ናፍጣውን ያፈስበታል፣ ዙሪያውን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ፣ ናፍጣው እስኪሰርግ ይጠብቃል፣ መጠበቅ ነው ከሁሉ የሚከብደው፣ ከዚያ ወደሚፈታበት አይደለም፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት ይገፋዋል፣ ተስፋው አበድክ እንዴ ይላል፣ ከያዘው ነገር እስኪላቀቅ ነዋ፣ አሁን ይመልሰዋል፣ ቱቦውን ይዞ፣ ትከሻውን ሰጥቶ፣ የሸሚዙ ብብት ተረተር ይላል፣ ይተርተር፣ ቋ። ከዚህ ድምፅ የሚጥም ምን አለ። ልጃገረዶቹ ምን እንደተፈታ ሳያውቁ እልል ይላሉ። ሁለተኛው፣ ቋ። ሦስተኛው ያስለምነዋል፣ እሺ ይላል። አራተኛው ያ ጠርዙ የተበላው ነው፣ መፍቻ አይይዝም፣ አንድ ቁጥር የሚያንስ የመፍቻ ራስ በመዶሻ መትቶ ያስገባበታል፣ ናልኝ እንግዲህ፣ እኔው አይደለሁም ያሰርኩህ፣ እኔው ነኝ፣ ቋ።

ስልክ ይጮኻል፣ የአያ ገነነ። መሪጌታ ናቸው ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወንድምአገኝ ሰዓቱን ያያል፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ፣ ማንኩሳ መግቢያ ደርሰናል በሏቸው ይላል በሹክሹክታ፣ ስንደርስ ደረስን ነው። አያ ገነነ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይይዙታል። ስመኘው በጥቁር ጣቱ ስልኩን ይቀበላቸዋል፣ ሙሽራ ዛሬ አይናገርም፣ ሚዜ ነው የሚናገርለት፣ ግን ይናገራል።

መሪጌታ፣ ስመኘው ነኝ፣ ገና ከፍኖተ ሰላም አልወጣንም፣ ጎማ ተንፍሶብን ዳዶው አልፈታ ብሎ ነው፣ ሌላ ሰው አላጠፋም፣ ከልክ በላይ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ፈትቸዋለሁ፣ ግን ስድስት ሰዓት አንደርስም።

ከወዲያ የዲቢ ከበሮ ድምፅ ይሰማል፣ የሆነ ሰው ወንበር ይጎትታል፣ አሁን ይሉታል፣ ለሽማግሌዎቹ ያሉትን ለሱም ይሉታል፣ ይበሉት፣ ግን ልጅቱን፣ ልጅቱን ብቻ አይከልክሉት።

ለምን አጠበቅኸው ይላሉ።

ፈርቸ ነው መሪጌታ። ሕሊናን ይዤ ስመጣ እንዳይወልቅ ብዬ።

እንግዲያውስ ሰዓቱን ተወው ይላሉ፣ አዲሱን ጎማ ስታስረው እንደ ትናንቱ አጥብቀህ እሰረው፣ ልጀ ናት የምትሳፈርበት።

እሺ ይላል፣ እሺ አባቴ፣ መሪጌታ ማለቱን ረስቶታል፣ እሺ፣ ሰዎቹ ምን አሉ ምን አሉ እያሉ ይከቡታል፣ ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ እሱ ግን ጆሮው ላይ እንደያዘው፣ እሺ፣ እሺ