በሁዳዴ የተመረጠ ሞገድ

ማህደር መሐንዲስ ናት፤ ጾም አክባሪም ናት፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው። የመቱን ሆስፒታል ከያዮ ጫካ ጤና ኬላ ጋር የሚያገናኙ ሁለት ሬዲዮዎች ሠራች፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ሬዲዮዎቹ የራሳቸው ሞገድ የላቸውም። ባለቤቱ ያልተጠቀመበትን ፈልገው ያወሩበታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይለቃሉ። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ የሚስማሙት በአንድ መቀጣጠሪያ ሞገድ ላይ ነው። ማህደር ይህን መቀጣጠሪያ ለመምረጥ ሁዳዴውን ሙሉ የመቱን አየር ስታዳምጥ ከረመች፤ አንዱን ጭር ብሎ አገኘችውና መረጠችው። በሁዳዴ ማን ይዳራል? ይህን ልብ አላለችም።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ቀን ላይ፣ አዋላጇ ሳሊሐ ከጤና ኬላው ተጣራች። ከተመረቀች ሦስት ወር አልሞላትም።

"ዶክተር፣ ኢብሴ ተገላግላለች፤ ልጁ ደህና ነው፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። መርፌውን ወግቻታለሁ፤ ምን ላድርግ?"

"አንድ እጅሽን..." ብሎ መቱ ሆስፒታል ያለው ዶክተር አሰፋ ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ።

ሲያወሩበት በነበረው ሞገድ ላይ ባለቤቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጥቶ ነበር። የመቱው ሬዲዮ ወደ መቀጣጠሪያው ሄደ፤ እዚያም ሠርግ ጠበቀው። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ዘፋኙ ገመድ አልባ ማይክራፎኑን በዚያው ሞገድ ላይ ከፍቷል። ሬዲዮው ሰው በያዘው ሞገድ ላይ እንዳያወራ ታዝዟልና ዝም አለ። የያዮው ሬዲዮ ግን ሠርጉ አይሰማውምና ቀጠሮው ቦታ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሄደሽ ማይክራፎኑን አስጠፊው" አላት ዶክተሩ አጠገቡ የቆመችውን ማህደርን።

ሕዝቡን አልፋ ዘፋኙ ጋ እስክትደርስ ኢብሴ አትቆይም። ማህደር ስህተቱ የራሷ መሆኑን አወቀች። የቀራት ሁለቱም ሬዲዮዎች ውስጥ ቀድማ ያስገባችው አንድ ያልተሞከረ ትእዛዝ ነው፤ ቀጠሮው ከጠፋ ሁለቱም ሞገዶቹን እየዞሩ ይፈላለጉ፣ አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ዘግየት ብሎ። በሁሩሙ ገበያ የተጠፋፉ ሰዎች እኩል ከተራመዱ ሲዞሩ ይመሻል እንጂ አይገናኙም።

የሬዲዮው መስታወት ላይ የሞገዶቹ ቁጥሮች መዞር ጀመሩ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። የምትዘይደው ነገር አልነበራትም። ዘፈኑ፣ ጣቢያው፣ የከተማው ጫጫታ ሁሉ በሞላው አየር ውስጥ ሁለት ዕቃዎች ያለ መሪ ይፈላለጋሉ፤ ማንንም አይገፉም፣ ማንንም አይነኩም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። አርባ ሰባት ላይ ቁጥሩ ቆመ።

"...ዶክተር? ይሰሙኛል?"

"እሰማሻለሁ። ጓንት አድርገሽ ቡጢሽን ከውስጥ፣ ሌላ እጅሽን ሆዷ ላይ፤ ማህፀኗን መሃል አስገብተሽ ጭመቂ። ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ።"

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሳሊሐ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። መስመሩ ሁለቴ ቦታ ቀየረ፤ ትንፋሹ ግን አልተቆረጠም። ማህደር ሰዓት ማየት ፈራች።

"ቆመ" አለች ሳሊሐ በመጨረሻ። "ደሙ ቆመ። ገለቶማ፣ ዶክተር፤ አመሰግናለሁ።"

ከሳሊሐ አጠገብ የደከመ ድምፅ መጣ፤ "ሙጫን ኮ ኤሳ?" ኢብሴ ናት፤ ልጄ የት አለ ማለቷ ነው።

ማህደር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሬዲዮውን የሠራችው እሷ ናት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል ብላ ግን አስባ አታውቅም።