ከሐይቁ በላይ የታየው ብርሃን

ሰፈሩ ስልክ ጠጋኙን «አቶ አላምንም» ያለው ያለ ነገር አይደለም። ሰማይ ላይ የማይታወቅ በራሪ ታየ ብሎ ቪዲዮ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ፣ «ይቺ ፊኛ ናት፤ ያቺ ደግሞ የመስኮት ነጸብራቅ» እያለ አሳፍሮ ይመልሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳል። ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጣችው ግን ታላቅ እህቱ ናት፤ የልጇን ስልክ በመሀረብ ጠቅልላ። ልጁ ሐይቁ ዳር ከጠፋ ሰባት ወሩ ነው። የተገኙት ጫማውና ይኸው ስልክ ብቻ ናቸው። ስልኩ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴኮንድ የምትሆን ቪዲዮ አለች፦ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከውሃው በላይ አረንጓዴ ብርሃን ይንሳፈፋል። እናት ከዚያ ወዲህ እርሟን አላወጣችም። በዚያ ብርሃን መጥተው የወሰዱት ይመልሱታል ብላ በሯን ሳትቆልፍ ታድራለች።

«እትዬ፣ ይቅርብሽ» አላት።

«አይቀርብኝም። ሰው አብዳለች እያለኝ ነው። አንተ አይተህ እውነት ነው ካልክ ማንም አፉን አይከፍትም። ግን እንዳትሸነግለኝ፣ በእናታችን።»

ሁለት ጊዜ አየው። ካሜራው ሲዞር ፀሐይዋ ወደ ግራ ስትሄድ ብርሃኑ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ስልኩን ገልብጦ የካሜራውን መስታወት በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ክው አለ። የገጠመው ራሱ ነው። ለእህት ልጅ በነጻ ይሄም አይነሰው ብሎ፣ ደንበኞች አንፈልግም ያሉትን፣ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ነጸብራቅ የሚያወጣውን ርካሹን። ደህናውን ገጥሞለት ቢሆን ኖሮ ይቺ ሴት ሰባት ወር ባልጠበቀች።

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በእናታቸው ብላዋለች። ካሜራውን ከፍቶ ከጣሪያው አምፖል ሥር እንደተቀመጠች ቀረጻትና አሳያት። ያው አረንጓዴ ብርሃን ከራሷ በላይ ተንሳፍፏል።

ብዙ አየችው። አላለቀሰችም።

«አምፖሉ ነው?»

«አምፖሉ ነው፣ እትዬ። መስታወቱን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ልጄን የወሰደው ውሃው ነዋ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ መሀረቧን ብቻ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሊጠይቃት ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈት የነበረውን በር ገፋው። ተቆልፏል።