ወደ ዒድ የተወሰደ እርማት

ሼኽ ዓብዱልሐኪም ጠዋት ጠዋት አሰብ በባሕሩ ዳርቻ ጀልባ ይጠግናሉ፤ ከዐሱር ሶላት በኋላ ደግሞ ቤታቸው ሐዲስ ያስቀራሉ። ወጣት ሳሉ የመን ተሻግረው ዘጠኝ ዓመት ተምረዋል። ከዚያ ይዘው የተመለሱት ሀብት በእጃቸው የገለበጡት አንድ ወፍራም ደብተር ብቻ ነበር። በደብተሩ ውስጥ እያንዳንዱ የተማሩት ሐዲስ፣ የነቢዩ ንግግር፣ ከነሰነዱ፣ ማን ከማን እንደሰማው ከሚናገረው የስም ሐረግ ጋር፣ ሰፍሯል።

በ1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ኻዲጃ የምትባለው ተማሪያቸው አጎቷ ከሐጅ ያመጣላትን የታተመ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ኻዲጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ መጽሐፉን ከሼኹ ትምህርት ጋር ስታስተያይ ሰንብታለች። ስለ ጎረቤት ሐቅና መብት የሚናገር አንድ ሐዲስ ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠችና፣ መናገሩ ቢከብዳት ጣቷን አንድ ስም ላይ አሳረፈች።

ሼኹ አነበቡ። እሳቸው ደብተር ላይ «የእገሌ ልጅ እገሌ» ተብሎ አንድ ሰው የሆነው፣ መጽሐፉ ላይ ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው ከሌላው ሰምቷል። «ልጅ» እና «ከ» የሚሉት የዐረብኛ ቃላት በጽሕፈት ይመሳሰላሉ፤ ሼኹ በወጣትነታቸው ሲቸኩሉ አንዱን በሌላው ለውጠውት ኖሯል። በዚህ ምክንያት ከሐረጉ የጠፋው ሰው ደግሞ ሊቃውንት ሲያስተላልፍ ይሳሳታል ብለው የማይቀበሉት ነው። ሠላሳ ዓመት «ጥርት ያለ» እያሉ ያስተማሩት ሐዲስ ደካማ ሆኖ ተገኘ።

«ምናልባት የተሳሳተው መጽሐፉ ይሆናል» አለች ኻዲጃ፣ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይታ።

ሼኹ ግን የመን ያስተማሯቸው መምህር ያን ቦታ ሲያነቡ የሰሙት ድምፅ ትዝ አላቸው። «አይደለም ልጄ። የእኔ እጅ ነው» አሏት።

ሁለት ቀን አዝነው ሰነበቱ። ዓርብ መስጊድ ውስጥ ቆመው ስህተታቸውን ለሕዝቡ ተናገሩ። አንዳንዱ አቀረቀረ፣ አንዳንዱ ምን አስጨነቃቸው አለ። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ዒድ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለው የድሮ ተማሪያቸው ዓብደላ ነበር። ያንን ሐዲስ ከእሳቸው ወስዶ እሱም እዚያ ያስተምራል። ደብዳቤ ይላኩ ቢሏቸው፣ በአፌ የሰጠሁትን በአፌ ነው የማርመው ብለው እምቢ አሉ።

ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ውብሸት፣ ለወደብ ሥራ ከመሀል አገር የመጣ ሰው፣ የጉዞውን ምክንያት ጠየቃቸው። ሰነድ ላርም ነው ሲሉት ደነገጠ፤ የመንግሥት ወረቀት መስሎታል። ሼኹ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱት።

«ማንም ሳያስገድድዎት?» አለ ውብሸት።

«ማንም።»

ውብሸት ብዕሩን አነሳ። «በየሳምንቱ ሰው ሰብስበን ግለ ሂስ አድርጉ እንላለን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳይፈራ ጥፋቴ ይኼ ነው ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።» ከዚያም ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «ለግለ ሂስ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

በበይሉል ወደብ በኩል በጀልባ ተጉዘው ዒድ ደረሱ። ዓብደላ እጃቸውን ስሞ በደስታ ተቀበላቸው፤ የመጡበትን ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ። ለካስ አምና በጀልባ ማቆሚያ የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦችን ያስታረቀው ያንን ሐዲስ ጠቅሶ ነበር።

«አሁን ሰዎቹ ‹ሌላው ትምህርትህስ ስንቱ ስህተት ነው?› ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለ።

«ይጠይቁህ፤ ጠያቂ ሲጠፋ ነው እንዲህ የምንሆነው። ስለ ጎረቤት ሐቅ ሰነዱ የጠራ ሌላ ሐዲስ አለ፤ እሱን ይዘን እንሂድ።»

አብረው ሄዱ። ከሁለቱ ቤተሰቦች የአንደኛው ታላቅ የሆኑት እናት ዳሃባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ዓብደላ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። «እርቁ እርቅ ነው፤ አናፈርሰውም» አሉት እናት ዳሃባ። «ለአንድ ስም ብሎ ባሕር ላይ የሚያድር ሰው ካስተማረህ፣ የቀረውን ትምህርትህን አሁን ይበልጥ አምናለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዓብደላ ከሳጥኑ ውስጥ የራሱን ደብተር አወጣ። ለዓመታት የተጠራጠረባቸው፣ ግን ለመጠየቅ ያፈረባቸው ቦታዎች እንዳሉ ነገራቸው። ሼኹ ሳቁ፤ ካዘኑ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። አምስት ቀን ተቀምጠው ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አብረው አነበቡት።

አሰብ እንደገቡ ሼኹ ለኻዲጃ ሐዲስ የማስተማር ፈቃድ በእጃቸው ጻፉላት። ስሟን ከራሳቸው ስም ቀጥለው በሐረጉ ላይ አስገቡት፤ ለሴት ተማሪ ፈቃድ ሲጽፉ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ኻዲጃ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችና፣ ለእኔ ገና ነው አለች።

«እኔን ያረምሽ ዕለት ደርሰሻል» አሏት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወደብ ቢሮ የምትሠራ ሐስና የምትባል ሴት አምስት ጓደኞቿን አስከትላ ሐዲስ ልትማር ኻዲጃ ቤት መጣች። ሰሌኑ ስለጠበባቸው ሁለቱ በሩ ሥር ተቀመጡ፤ ትምህርቱም ተጀመረ።