የተተረተረው እጅጌ

ወዳጆቼ፣ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? በባል በትዳር ማለቴ አይደለም፣ በገዛ ልጅ። አላውቅም የሚል ካለ እግዜር ይባርከው፤ እኔ ግን አላምነውም። እስቲ የልብስ ሰፊዋን ነገር ላጫውታችሁ።

ልብስ ሰፊዋ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፍታ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ሁለቱ ትዳር ይዘው ወጡ። የመጨረሻዋ ልጅ ግን ሙያውን ልትማር ከእናቷ ጎን ቁጭ አለች። የእናትየው ማስተማሪያ ታዲያ እጇ እንጂ አፏ አይደለም። ልጅቷ ስፌት ካጣመመች ቀስ ብላ ትወስድና ትተረትረዋለች፤ ከዚያ መልሳ ፊቷ ታስቀምጥላታለች። ስፌቱ ሲያምርም ዝም ነው። እሷም ከእናቷ የተማረችው እንዲሁ ነበር።

በክፍሉ ያለችውን ሁለተኛ የስፌት መኪና ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ተከራየቻት። ቋንቋውን ገና እየተማረች ያለች፣ ሳቂታ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ናት። ልጅቷ አንድ ጠርዝ አጥፋ በጨረሰች ቁጥር እንግዳዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ትልና፣ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያለች ታጨበጭባለች። የልጅቷ ፊት ወገግ ይላል፣ የእናትየው አንጀት ያርራል። በሆዷ «ጭብጨባ» የሚል ስም አወጣችላት።

የልጅቷ ወንበር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ እንግዳዋ ይጠጋ ጀመር። አንድ ቀን ልጅቷ አፍ አውጥታ ተናገረች።

«እማዬ፣ እንግዳችን ይህ ወር ሲሞላ የራሷን ክፍል ልትከራይ ነው። አብሬያት ልሂድ?»

«እኔ ጋ ምን ጎደለሽ?»

«አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለሽኝ አታውቂም።»

«አንቺ ልጅ! ጎበዝ ባትሆኚ መኪናዬን አስነካሽ ነበር?»

«እሱን በምን ልወቅ ታዲያ?»

እናት ወደ መኪናዋ ዞራ መስፋቷን ቀጠለች። በማግስቱ ጠዋት ጸሎቷ ላይ «ጌታዬ፣ ልጄን ጠብቅልኝ» ብላ ጀመረችና፣ «ከጭብጨባ» ብላ ልትጨርስ ምንም አልቀራት። ደንግጣ አማተበች። ቅናቱ ግን አለቀቃትም።

በዚያው ሳምንት ደንበኛቸው የሆነች አንዲት ነርስ ያሰፋችውን ጋዋን ልትወስድ መጣች። የሰፋችው እንግዳዋ ናት። ነርሷ ለብሳ ክንዷን ብታነሳ ግራ እጅጌው ብብቷ ሥር ያዛት። እናትየው ይህን ስታይ ደስ አላት፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ በእውነት ደስ አላት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሱት ይባል የለ? ለእሷ መቀሱ እጇ ላይ ነበር። «አውልቂው» አለች ነርሷን። ተቀበለችና በሁሉም ፊት እጅጌውን ከትከሻው ጀምራ ትርትር አደረገችው።

«እማዬ! ምን ነካሽ?» ልጅቷ ጮኸች።

የእንግዳዋ ዓይን እንባ ሞላ። እናትየው «አሁን ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች» ብላ ጠበቀች። እንግዳዋ ግን መጥታ ሁለት እጇን ይዛ ሳመቻት።

«እትዬ» አለች፣ ቃላት እየፈለገች። «እኛ አገር የሌላ ሰው ልጅ ስፌት አይተረተርም። ነውር ነው። ለሰው ልጅ ይጨበጨባል። የምትተረትርልሽ እናትሽ ብቻ ናት። ሰባት ወር ልጅሽን አየሁ፣ ቀናሁ። የእሷን ትተረትሪያለሽ፣ የእኔን አይተሽ ዝም። ዛሬ ልጅ አደረግሽኝ።»

እናትየው ኩም አለች።

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እና ለእኔ የምታጨበጭቢው ሁሉ?» አለች።

እንግዳዋ አፈረች። «አንቺ እናት አለሽ። እኔ እንዴት ልንካው? ያለፈው ሳምንት የሰፋሽው ኮሌታ... ጠማማ ነበር።»

«እንዴ! እሱ እኮ የእኔ ነው!» ብላ ነርሷ አንገቷ ላይ ያለውን ኮሌታ ዳሰሰች። ያን ጊዜ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፣ ከልጅቷ በቀር። እሷ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ አንድ ሸሚዝ ስትሰፋ ዋለች። ማታ ሊዘጉ ሲሉ የሠራችውን ሸሚዝ እናቷ ፊት አስቀመጠችና፣ «የማይረባውን ተርትሪልኝ» አለቻት። እናትየው አገላብጣ አየችው። መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ «ጎበዝ» አለች። ከዚያ አንዱን ኪስ ተረተረች።

ወሩ ሞላ። እንግዳዋም ሌላ ክፍል አልፈለገች፣ ልጅቷም አልሄደች። አሁን እንግዳዋ ጠዋት ጠዋት ስትገባ የእናትየውን እጅ ትስማለች። በተሳመች ቁጥር ያ እጅ ያቃጥላታል። ያን ቀን በቅናት እንጂ በፍቅር እንዳልተረተረችው እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ልትነግራት ስንት ጊዜ ከአፏ አድርሳ መለሰችው።

እናንተም እባካችሁ ስትጸልዩ እሷን አስቧት፤ እውነቱን የምትናገርበት ድፍረት እንዲሰጣት።