ስማቸው የጠፋ ዘፈኖች

አቶ ገብረ መድህን ሁለት ሽማግሌዎችና የዘፈን ቤቱን ባለቤት ወንደሰንን አስከትለው ግቢ ሲገቡ፣ እትዬ ሸዋዬ ልጃቸው ልትጠየቅ መሰላቸው። ሰሎሜን ወደ ጓዳ ገፋ አድርገው፣ «ቶሎ ልብስሽን ቀይሪ፤ ሰማያዊውን» አሏት። ሰሎሜ በመጋረጃው አጮልቃ አየችና ልብሷን ሳትቀይር ወጣች።

«ለጋብቻ አይደለም እማዬ» አለች በዝግታ። «ለኮምፒውተሩ ነው የመጡት።»

ወንደሰን አሰላ ገበያው አጠገብ ዘፈን ቤት አለው። ሰሎሜ ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀች እሱ ዘንድ ተቀጠረች፤ ከየወረዳው የሚመጣውን የድሮ የሠርግ ሲዲና ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው እሷ ነበረች። በምትገለብጥበት ፕሮግራም ላይ፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን የዘፋኙን ስም፣ አገሩን፣ በማን ሠርግ ላይ እንደተዘፈነ ጠይቃ ትጽፋለች።

ጥር ላይ አክስቷን ልትጠይቅ አቦምሳ በሄደችበት ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት። እስክመጣ አትንካው ብላ ወንደሰንን በስልክ ለመነችው። እሱ ግን ሴት ልጅ እስክትመጣ አልጠብቅም ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫነበት። ዘፈኖቹ ለብቻ ተቀምጠው ስለነበር ተረፉ። የጻፈችው ሁሉ ግን ከፕሮግራሙ ጋር ጠፋ። በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስትመለስ ቁልፉን ተቀብሎ አሰናበታት። ደንበኛ ሲጠይቀውም፣ ተጣልተን ሆን ብላ አጥፍታብኝ ሄደች ይል ጀመር። ወሬውን የነገረቻት ፀጉር ቤት ያገኘቻት ጓደኛዋ ራሄል ናት። ቃል ወደተገባላት የቢሮ ሥራም በዚሁ ወሬ የተነሳ ሳይጠሯት ቀሩ።

ሰሎሜ በየሳምንቱ አርብ የጻፈችውን በራሷ ትንሽ ዲስክ ትገለብጥ እንደነበር ወንደሰን አላወቀም፤ አልጠየቃትምም። እሷም አልነገረችውም። ከገበያ ስትመለስ ሆን ብላ በሱቁ ፊት ለፊት ታልፋለች። አንዱን ዘፈን ከፍቶ፣ እሱም አይደለም ብሎ ሲዘጋ፣ ሌላ ሲከፍት፣ ደንበኛው እየተነጫነጨ ሲወጣ ታያለች። ያን ቀን እራቷ ይጣፍጣታል።

አሁን ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ እሺ ሳትይን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጉዳዩን የነገሯት አቶ ገብረ መድህን ናቸው። የበቆጂው ጉቱ እህቱን ሊድር ነው። አምና የሞተው አባታቸው በልጅነቱ የዘፈነው ዘፈን ያለው ያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ የልጅነት ድምፁን አያውቁትም።

ሰሎሜ ወንደሰንን ቀና ብላ አየችው።

«የጉቱን አባት ዘፈን አወጣላቸዋለሁ» አለች። «እርስዎ ይቀመጡ አባባ። እሱ ግን ስለ እኔ ገበያ ላይ ያወራውን፣ እዚያው ገበያው ላይ ይመልሰው።»

ወንደሰን ሳቅ አለ። «ምን ብዬ? ልጅቷ ቀለደች እኮ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለህ።»

አቶ ገብረ መድህን ዞር ብለው አዩት። ሳቁ ጠፋ።

ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ ወንደሰን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ተናገረ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር። ማዶ ያለው የዘፈን ቤት ባለቤት ሁሴኖ፣ «አልተሰማም ወንዴ፣ ስፒከሩን ክፈተው እንጂ» ሲለው ሰው ሳቀ፤ እሱም ጮክ ብሎ ደገመው። ሰሎሜ አንገቷን ደፍታ እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

ከዚያ ጉቱንና አቶ ገብረ መድህንን አስከትላ ሱቁ ገባችና ወንበሩ ስር ያለውን የባዶ ካሴት ካርቶን ሳበች።

«እግርህን ስታሳርፍበት ከርመሃል» አለችው፤ ከካሴቶቹ መሃል ዲስኳን አወጣች።

ፕሮግራሙን ጫነች፣ የዲስኩን መረጃ መለሰችበት። ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ። የጉቱን አባት አግኝታ ከፈተችው፤ ቀጭን የልጅ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ጉቱ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዘፈኑን በፍላሽ ሰጠችው።

ወንደሰን ላቡን ጠረገ። «በቃ ታረቅን። ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ።»

ሰሎሜ የጫነችውን ፕሮግራም ከነመረጃው አጠፋች። አቶ ገብረ መድህን «ልጄ» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ዲስኳን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ማዶ ሁሴኖ ዘፈን ቤት ሥራ ጀመረች።